«ሲ24» ምንድን ነው?

ክረምት ሳይገባ ደሴ አንድ እንጨት መሸጫ በር ላይ ቆመናል። የአክስቴን ቤት ጣሪያ ልናወጣ ነው። መሐንዲሱ ፕላኑ ላይ ለወራጁ «ሲ24» ብሎ ጽፏል። ነጋዴው ወረቀቱን አየና ሳቀ። «አብሽር! አምስት በሰባት ሞራሌ ሞልቷል። ሲ የምትባለዋን ግን አላውቃትም።»

አልፈረድኩበትም። እኛ እንጨት የምንገዛው በውፍረትና በርዝመት ነው። ሲ24 የሚናገረው ግን ስለ ጥንካሬ ነው።

ነገሩ እንጨትን በጥንካሬ የሚከፍለው፣ ኢኤን 338 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ነው። «ሲ» እንደ ጥድና ዝግባ ላሉት ነው። ባህር ዛፍና ዋንዛ ወደ «ዲ» ይሄዳሉ። 24 ደግሞ እንጨቱ ሲጎብጥ ሳይሰበር የሚችለው ጫና ነው፤ በካሬ ሚሊሜትር 24 ኒውተን። ይሄ አማካይ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ክፍል መቶ እንጨት ቢሰበር 95ቱ ከዚያ በላይ መቻል አለባቸው። ቁጥሩ የተወሰደው ከደካሞቹ ነው ማለት ነው። ብረት በፋብሪካ ልክ ይወጣል፤ እንጨት ግን ከአንድ ግንድ ተሰንጥቆ እንኳ አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ልፍስፍስ ይሆናል።

ታዲያ በምን ይለያል? አንዱ መንገድ ማሽን ነው። እንጨቱን ትንሽ ያጎብጠዋል ወይም መትቶ ንዝረቱን ይለካል፤ ግትሩ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራም ነውና። ሌላው መንገድ ዓይን ነው። ስንጥቅና ብስባሽ ይታያል፣ በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው ክር ከጠርዙ ጋር ቀጥ ብሎ መሄዱ ይታያል። ከሁሉም በላይ ግን ጉጥ። ጉጥ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ነው፤ ክሩ እዚያ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ቦታውም ወሳኝ ነው። ጭነት ሲያርፍበት የእንጨቱ ታችኛው ጠርዝ ይወጠራል፣ ላይኛው ይጨመቃል። እንጨት ሲወጠር በጉጡ ይከዳል። ስለዚህ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለ ጉጥ ክፉ ነው፤ መሀል ላይ ያለው ብዙም አያስፈራም።

በነገራችን ላይ አጣናን የምትንቁ ተሳስታችኋል። መጋዝ ጉጡን የሚዞረውን ክር ይቆርጠዋል፤ ድቡልቡሉ አጣና ላይ ግን ክሩ እንዳለ ነው። ተለይቶ ያለፈ እንጨት ላይ የሚመታው የሲ24 ማህተም ግን አጣና ላይ አይመታም፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ለተሰነጠቀ ብቻ ነው።

እርጥበትም አለ። ቁጥሩ የሚሠራው 12 በመቶ ገደማ እርጥበት ላለው እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ይደክማል፣ ይጎብጣል። ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጣመም ያላየ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም። ላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀበት ተሠርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ያስቆጠረው ዋሻው ከዝናብ ስለጋረደውም ነው።

ወደ አክስቴ ጣሪያ ስመለስ፣ መሐንዲሱ ማህተም የሌለውን ሞራሌ ሲ24 ነው ብሎ ሊፈርም አልፈለገም። በዝቅተኛ ክፍል አስልቶ ወራጆቹን አቀራረባቸው። ስድስት እንጨት ጨመርን። አክስቴ ስለ ስድስቱ ዋጋ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።