ሰልፌት ቀናሽ ባክቴሪያ ምንድን ነው? አንጀት ውስጥ መገኘቱስ ለምን ወንጀል ሆነ?

«የሰገራ ምርመራ ውጤቴ ዴሱልፎቪብሪዮ ተገኝቶብሃል ይላል፤ አንጀቴን እየቦረቦረው ነው ማለት ነው?» ብለው ስለዚህ ሰልፌት ቀናሽ ባክቴሪያ ለሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አጭሩ መልስ «ከውጤቱ ብቻ አይታወቅም» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አያናድዱኝም፤ የፈራ ሰው ይጠይቃል። የሚያናድደኝ ጥያቄውን ያስነሣው ምክር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የጤና አስተያየት ሰጪ እነዚህ ባክቴሪያዎች «ድኝ በል መርዘኞች» እንደሆኑ፣ ትልቁን አንጀት የሚያስቆጣውንና የሚያቆስለውን አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባለ ሕመም የሚያመጡት እነሱ መሆናቸው «እንደ ተረጋገጠ»፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል የተወ ሰውም በረሃብ እንደሚጨርሳቸው በልበ ሙሉነት ያስረዳል። ኦክስጅን የማይወዱ ረቂቅ ተሕዋስያንን ማሳደግና መለካት ሥራው ለሆነ ሰው ይህን ሰምቶ ማለፍ ይከብዳል።

ሲጀመር ድኝ በል አይደሉም። ሰልፌት፣ ማለትም ድኝ ከኦክስጅን ጋር የተጣመረበት ውሕድ፣ ለእነሱ ምግብ ሳይሆን መተንፈሻ ነው። እኛ ከምግባችን ያወጣነውን ኤሌክትሮን በመጨረሻ ለኦክስጅን እንደምናስረክብ ሁሉ፣ እነሱም ኦክስጅን እምብዛም በማይደርስበት በትልቁ አንጀት ውስጥ ለሰልፌት ያስረክባሉ። የሚመገቡት ሌሎች ባክቴሪያዎች አሰር ሲያብላሉ የሚተርፈውን ሃይድሮጅን፣ ላክቴትና የመሳሰለውን ነው። ሰልፌቱ ስምንት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ይኸውም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ሰልፌትን «መቀነስ» የሚባለው ይህ ኤሌክትሮን ማስረከብ ነው። ማርቲኑስ ቤይጀሪንክ እ.ኤ.አ. በ1895 ዴልፍት ላይ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች የመጀመሪያውን ከገለጸ ወዲህ በባሕር ወለል ጭቃ፣ በነዳጅ ጉድጓድና በዛገ የብረት ቧንቧ ሳይቀር ተገኝተዋል። በሰው አንጀት ውስጥ ዋናው ወገን ዴሱልፎቪብሪዮ ነው፤ ከእሱም ዴሱልፎቪብሪዮ ፒገር የተባለው ዝርያ በጤነኛ ሰዎች አንጀት የተለመደ ነዋሪ ነው። «በጤነኛ ሰዎች» የሚለው ይሰመርበት።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ሲስቴይን የተባለውን ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ለመሥራት ሰልፌትን ይቀንሳሉ። ይህ ሕዋሱ ለራሱ ግንባታ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነውና የሚተርፍ ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል። ለመተንፈስ የሚቀንሱት ግን በሌላ የኢንዛይም መንገድ፣ በብዙ እጥፍ መጠን ያደርጉታልና ጋዙን ወደ ውጭ ይለቃሉ። «የድኝ ጂኖችዎ ከፍ ብለዋል» የሚል ሪፖርት ሁለቱን ሳይለይ ከደመረ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን የሚነግረን ነገር የለም።

ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በተገኘበት ሁሉ ሰልፌት ቀናሾች ይወነጀላሉ። ጋዙን የሚያመነጩት ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። ኢ. ኮላይና ፉሶባክቴሪየምን ጨምሮ ብዙ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲስቴይንን ሰባብረው ይሠሩታል። የራሳችን ሕዋሳትም በራሳቸው ኢንዛይሞች ጥቂት ያመነጫሉ። በሰልፌት ቀናሽነት ስሙ በብዛት የሚነሣው ቢሎፊላ ዋድስወርዝያ ደግሞ ሰልፌትን ጭራሽ አይቀንስም፤ የሚጠቀመው ታውሪን ከተባለ ድኝ ያለበት ውሕድ የሚያገኘውን ሰልፋይት (ከሰልፌት አንድ ኦክስጅን የጎደለው) ነው፤ ታውሪኑም በአብዛኛው ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት የሚፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የታወቀ የአይጥ ጥናት አለ፤ የወተት ስብ የበዛበት መኖ ታውሪን የተሸከመውን የሐሞት አሲድ ጨመረ፣ ቢሎፊላ ተራባ፣ በዘር ለአንጀት መቆጣት የተጋለጡት አይጦችም በብዛት ታመሙ። ድንቅ ጥናት ነው። ነገር ግን ስለ ስብ፣ ስለ ሐሞትና ስለ ቢሎፊላ የተሠራ ነው፤ ለዴሱልፎቪብሪዮ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ የአንዱን ጥፋት በሌላው ማሳበብ ነው።

ስለ ሽንኩርቱም ነገሩ እንዲሁ ነው። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ ከካርቦን ጋር የተሳሰረ እንጂ ሰልፌት አይደለም። በእንቁላል ውስጥ ያለውም የፕሮቲን አካል ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚገኘው ሰልፌት ከፊሉ ከምግብና ከመጠጥ ውኃ ያመለጠ ነው፤ ሌላው ግን ከራሳችን የሚመጣ ነው። አንጀትን የሚሸፍነው ንፍጥ በስኳር ሰንሰለቶች የተሞላ ሲሆን በሰንሰለቶቹ ላይ ሰልፌት ተለጥፏል። ዴሱልፎቪብሪዮ ፒገር ይህን ሰልፌት ነቅሎ ማውጣት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው የሚነቅልለት ባክቴሮይድስ ቴታዮታኦሚክሮን የተባለ ጎረቤቱ ነው። እንግዲህ ሰልፌት ያለበትን ነገር ሁሉ ከገበታ ያነሣ ሰው እንኳ የራሱን የንፍጥ ሽፋን ከአንጀቱ አያነሣም።

አሁን ጉዳቱ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል እንመልከት፤ ሊደርስ ይችላልና። ትልቁን አንጀት እሳት የሚነድበት ቤት አድርገን እናስበው። እሳቱ የአሰር መብላላት ነው፤ ቤቱ ያለ እሳት አይኖርም። ከእሳቱ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ጤነኛ ቤት ጭስ የሌለበት ቤት ሳይሆን ጭስ ማውጫው የሚሠራ ቤት ነው። ጭስ ማውጫው ግድግዳው ራሱ ነው፤ የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት በሚቶኮንድሪያቸው፣ ማለትም በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ ውስጥ ሰልፋይድን ይዘው ወደ ታዮሰልፌትና ወደ ሰልፌት የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሏቸው። የመጀመሪያው ሰልፋይድ ኪኖን ኦክሲዶሪዳክቴዝ ይባላል፤ ሥራውም እስከ መጨረሻው በኦክስጅን ላይ የተመሠረተ ነው። ጭሱ በልክ ሲመጣ ግድግዳው ያስወግደዋል፤ የቤቱ ባለቤትም አያውቀውም።

ጭሱ ከበዛ ወይም ማውጫው ከደከመ ነገሩ ይለወጣል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በከፍተኛ መጠን ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝን ያግዳል፤ ይኸውም ሕዋሱ ኦክስጅን የሚጠቀምበት የመጨረሻው ኢንዛይም ነው። የጭስ ማውጫው ሥራ በኦክስጅን የሚካሄድ ነው ብለናልና፣ ጭሱ የገዛ መውጫውን ይዘጋል ማለት ነው። ከዚህ ጋር ባክቴሪያዎች አሰር ሲያብላሉ የሚሠሩት፣ የትልቁ አንጀት ሕዋሳት ዋና ነዳጅ የሆነው ቡቲሬት አለ። ተመራማሪው ዊልያም ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ1980 ከአልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሕሙማን የተወሰዱ ሕዋሳት ቡቲሬትን በሚገባ ማቃጠል እንደተሳናቸው አሳይቶ ሕመሙ የኃይል እጥረት ይሆንን ሲል ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ጤነኛ የአንጀት ሕዋሳት ሰልፋይድ ሲጨመርባቸው ተመሳሳይ ድክመት እንደሚያሳዩ አሳተመ። የሰልፌት ቀናሾች ክስ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ ነው፤ ጠንካራ መሠረትም ነው። ሌላው መንገድ በንፍጡ በኩል ነው። የንፍጡ ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው የተያያዙት በድኝ ድልድዮች ሲሆን፣ ሰልፋይድ እነዚህን ድልድዮች መስበር ይችላል። ድልድዩ ሲሰበር ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሩቅ መቆም የነበረባቸው ባክቴሪያዎችም ሁሉ፣ ሰልፌት ቀናሽ የሆኑትም ያልሆኑትም፣ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ሰልፋይድ ዲኤንኤን እንደሚጎዳም ታይቷል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ጉዳይ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጭሱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ያም ቦታ አስተያየት ሰጪው ፈጽሞ የማያነሣው ነው። በዚህ ቤት ጥቂት ጭስ ግድግዳውን ያሞቀዋል። የአንጀት ሕዋስ ሰልፋይዱን ሲያስወግድ ኤሌክትሮኑን ወደ ሚቶኮንድሪያው ያስገባና ኃይል ያገኝበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በዝቅተኛ መጠን ሰልፋይድ ለሰው ሕዋስ ነዳጅ እንደሚሆን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ በተሠራ ሌላ ሥራ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚለቅ ውሕድ የተቆጣ አንጀት እንዲሽር ረዳ፤ የአካሉ የራሱ ምርት ሲታገድ ግን ሕመሙ ባሰ። ጋዙን «መርዝ» ብሎ መዝጋት ይህን ሁሉ መካድ ነው። ጥያቄው ስንት መጠን፣ የት፣ በምን ሁኔታ ላይ ባለ ግድግዳ አጠገብ የሚል ነው።

«ታዲያ በሕሙማን ላይ በዝተው አይገኙም?» ይለኛል አንዱ ጠያቂ። አንዳንድ ጥናቶች በዝተው አገኙ፣ ሌሎች ከጤነኞች ልዩነት አላዩም። ይህ ለምን እንደሚሆን የሙያ ባልደረቦቼ በደንብ ያውቁታል፤ ለሕዝብ ግን እምብዛም አይነገርም። ሰገራ የግድግዳው ሽፋን አይደለም፤ ጥያቄው ስለ ግድግዳው ሆኖ ሳለ የሚለካው ግን ብዙውን ጊዜ ሰገራ ነው። የባክቴሪያ ቁጥርም የጋዝ መጠን አይደለም፤ ዴሱልፎቪብሪዮ ሰልፌት ሲያጣ ሌላ ኑሮ ይኖራል እንጂ ይህን ጋዝ አያመርትም። ጋዙን በቀጥታ እንለካ ካልን ደግሞ ናሙናው አየር ሲነካው ይተናል፣ ይቃጠላል፤ የቀረውም አብዛኛው ከብረትና ከሌሎች ማዕድናት ጋር የተጣበቀ ነው። ጠቅላላ ሰልፋይድ በሚሊሞላር ሲጻፍ ነጻው ሰልፋይድ በሺህ እጥፍ ባነሰ መለኪያ፣ በማይክሮሞላር ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሕዋሱን የሚያገኘው ነጻው ነው። በዚህ ላይ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ያለበት ሰው በብዛት የሚወስደው ሜሳላዚን የተባለው መድኃኒት ራሱ የሰልፋይድ ምርትን ይቀንሳል። መድኃኒቱን የሚወስዱና የማይወስዱ ሕሙማንን ደባልቆ ያወዳደረ ጥናት ምን እንዳወዳደረ መጠየቅ አለበት።

የቀደመውስ የትኛው ነው? የተቆጣ አንጀት ንፍጥና የሞቱ ሕዋሳትን ይለቃል፤ ያ ለሰልፌት ነቃዮቹ ተጨማሪ ሥራ ነው። ተቅማጥ ደግሞ የውስጡን ፍሰት ያፈጥናል፤ ቀስ ብለው የሚያድጉትና ሃይድሮጅንን የሚሻሙት ሚቴን አምራቾች ይህን ፍጥነት አይወዱም። ስለዚህ ሕመሙ ራሱ ለሰልፌት ቀናሾች ቦታ ሊያመቻች ይችላል፤ እነሱም በተራቸው ሕመሙን ሊያባብሱ ይችላሉ። ሁለቱም አቅጣጫ አብሮ ሊሠራ ስለሚችል «መንሥኤ» ከማለት «አባባሽ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ስለ አይጥ ጥናቶችም አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቹ አንጀትን የሚያስቆጡት ዴክስትራን ሶዲየም ሰልፌት በተባለ ኬሚካል ነው። ከስሙ እንደሚታየው ሰልፌት በውስጡ አለ፤ ጉዳቱ ግን ባክቴሪያ በሌላቸው አይጦችም ላይ ይታያል። በዚህ መንገድ ስለ ሰልፌት ቀናሾች የተደረሰበትን መደምደሚያ በጥርጣሬ አነባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን በሌላ ጎን ያሳያል። ክሮንስ በተባለው አንጀትን የሚያስቆጣ ሌላ ሕመም አዲስ በተያዙ ልጆች የአንጀት ሕዋስ ውስጥ ሰልፋይድ የሚያስወግዱት ፕሮቲኖች ቀንሰው ተገኙ፤ ጭስ ማውጫው ደክሟል ማለት ነው። ከሕመሙ ክብደት ጋር አብሮ የታየው ባክቴሪያ ግን አቶፖቢየም ፓርቩሉም የተባለ፣ ሰልፋይድ የሚያመነጭ ሆኖ ሰልፌት ቀናሽ ያልሆነ ነው። ለሕመሙ በተጋለጡ አይጦች ላይ ይኸው ባክቴሪያ አንጀትን አስቆጣ፤ ሰልፋይድን የሚይዘው ቢስሙት ሲሰጣቸው ጉዳቱ ቀነሰ።

ቢስሙትን ስጠቅስ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቢስሙት ሳብሳሊሲሌት በሰዎች ላይ ሲሞከር ከሰገራ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ሰገራን የሚያጠቁረውም ከሰልፋይድ ጋር የሚሠራው ቢስሙት ሰልፋይድ ነው። ጋዝ መያዝና የአንጀት ሕመምን ማዳን ግን ለየቅል ናቸው። ቢስሙት ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፈረንሳይ ብዙ ሰዎች በዚህ ታመዋል። ባክቴሪያዎቹን በአንቲባዮቲክ ላጥፋ የሚለው ደግሞ ሰልፌት ቀናሾችን ብቻ መርጦ የሚገድል መድኃኒት እንደሌለ ይወቅ። የሚገደሉት ቡቲሬት የሚሠሩትም ጭምር ናቸው፤ የሕዋሱ ነዳጅ አብሮ ይሄዳል። ደግሞም እንደ ሰልፌት ቀናሾች ሃይድሮጅንን ከአንጀት የሚያነሣ አንድ ወገን መኖሩ ለመብላላቱ ሥራ ያስፈልጋል።

በእጁ የምርመራ ወረቀት ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህን ነው። ዴሱልፎቪብሪዮ መገኘቱ ትልቅ አንጀት እንዳለህ ያሳያል እንጂ መታመምህን አያሳይም። ሰገራህ ውስጥ ደም ካለ፣ ክብደትህ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ ወደ ሐኪም ሂድ፤ እሱም ካልፕሮቴክቲን የተባለውን የመቆጣት ምልክት ከሰገራህ ያስለካል፣ ካስፈለገም አንጀትህን በኮሎኖስኮፒ ያያል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለብህ ሽንኩርቱን ብላ።