ስቴራላይዜሽን ምንድን ነው? የሩት ካናል ፋይልን አዲስ ያደርጋል?

ስለ ፋይል፣ ማለትም የጥርስ ሥር ቦይ ስለምናጸዳበት ቀጭን ብረት፣ «አውቶክሌቭ ገብቶ ከወጣ በቃ፣ እንደ አዲስ ነው» የሚለውን አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት፤ ያውም የጥርስ ሐኪም ከሆነ ሰው። ስቴራላይዜሽን ማለት ጀርምን ከነስፖሩ መግደል ነው፤ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን፣ በእንፋሎት ከሆነ 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ያህል፣ ወይም 134 ላይ 3 ደቂቃ። ማጠብ ሌላ ሥራ ነው። ማደስ የሚባል ነገር ደግሞ ከነጭራሹ የለበትም።

ሽሮ የተሠራበትን ድስት ሳያጥቡ መልሰው ቢጥዱት ጀርሙ ይሞታል፤ ሽሮው ግን አርሮ ይጣበቃል። ፋይልም እንዲሁ ነው። የጥርስ ሥር ውስጥ ሲሽከረከር የዴንቲን (የጥርሱ ጠንካራ አካል) ብናኝ፣ ደምና የነርቭ ቅሪት በስለቶቹ መካከል ይታጨቃል፤ ሙቀት ሲያገኘው ፕሮቲኑ ይረጋና አልለቅም ይላል። በዓይን ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ፋይል በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ፋብሪካ ሲሞረድ በቀሩት ጭረቶች ውስጥ ቆሻሻው ተሰግስጎ ይገኛል።

«እንግዲያው በረኪና ውስጥ ይደር» ይለኛል አስተያየት ሰጪው። ድስቱን በሽቦ የፈገፈገ ያውቃል፦ ሽሮው ይለቃል፣ ጭረቱ ግን የነገውን ሽሮ ይበልጥ ይይዛል። በበረኪና ውስጥ ያለው፣ የጥርሱንም ቦይ የምናጥብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብዙ ፋይሎች የሚሠሩበትን የኒኬል ቲታኒየም ቅይጥ ገጽ እየበላ ጥቃቅን ጉድጓድ ሊያወጣበት ይችላል። እጀታው ከሌላ ብረት ከሆነና አብሮ ከተዘፈዘፈ ደግሞ ይብሳል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ መበላቱ ይፈጥናል።

አውቶክሌቩም ቢሆን ገጹን እንደነበረ አይተወውም። በተደጋገመ ቁጥር ብረቱን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይወፍራል፣ ሻካራነቱም ሊጨምር ይችላል። ይህን ስል ግን «አውቶክሌቭ ፋይል ይሰብራል» ብሎ የሚሮጥ እንዳይኖር፤ ጥናቶቹ በዚህ አይስማሙም፣ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የታከሙት ፋይሎች ውጤትም እንደ ሥሪታቸው ይለያያል። ዋናው ሰባሪ ጠማማ ቦይ ውስጥ ደጋግሞ መታጠፍ ነው። ስቴንለስ ስቲል ብዙውን ጊዜ ጠመዝማዛው ሲፈታ ያስታውቃል፤ ኒኬል ቲታኒየም ግን ምንም ሳያሳይ ቀጭ ሊል ይችላል።

እንግሊዝ በ2007 ፋይልና ሪመር (ቦዩን የሚያሰፋ ተመሳሳይ መሣሪያ) ለአንድ ታካሚ ብቻ እንዲውሉ መመሪያ ስታወጣ ያሳሰባት ፕሪዮን የሚባለው፣ የአንጎል በሽታ የሚያመጣ የተበላሸ ፕሮቲን ነበር፤ እሱን ተራው አውቶክሌቭ በአስተማማኝ አያጠፋውም። ፋይል በውጭ ምንዛሪ የሚገባበት አገር እየሠራን ሁሉንም አንዴ ተጠቅመን እንጣል ማለት እንደማይቀል አውቃለሁ። ደግመን ከተጠቀምን ግን ቆሻሻው ሳይደርቅ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ይሰካ፤ የፋይል ማቆሚያው ላይ እንደተደረደረ ሳይሆን ለብቻው ቅርጫት ውስጥ ተበትኖ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳ) ማጠቢያ ይግባ፤ ከዚያ ይለቅለቅና በማጉያ ይታይ። የተጣመመ ወይም ጠመዝማዛው የተፈታ ካለ እዚያው ይጣላል። የተረፈው ይታሸግና፣ ስንት ቦይ እንደሠራ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ፣ አውቶክሌቭ የሚገባው ያኔ ነው።