ውሃ ላይ የምትዋኝ አይጥ፦ ለትልቅ ትራውት የሚታሰር ፍላይ፣ ከጅማ ሲታይ

አይጥ መሳይ ፍላይ መንጠቆ ላይ ፀጉር፣ ቆዳና ፎም በክር እየታሰረ የሚሠራ ማጥመጃ ነው። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሲጎተት ወንዝ የምታቋርጥ አይጥ ይመስላል። የሚታሰረው ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ያውም ለትልቁ። ትንሹ ትራውት የውሃ ነፍሳት እየለቀመ ይኖራል። ትልቁ ግን በዝንብ አይጠግብም። ሰውነቱ ሲገዝፍ ወደ ሌላ ዓሣ፣ ወደ እንቁራሪት፣ ካገኘም ወደ አይጥ ይዞራል።

ጅማ ተቀምጦ ስለ ትራውት ማውራት ግር ሊል ይችላል። እዚህ ትራውት የለማ! ከተማው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አዌቱም ሆነ ጊቤ ወንዝ ለዚህ ዓሣ ይሞቁበታል። ትራውት ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። ማሰሩ ግን የጠረጴዛ ሥራ ነው። ሞርሳ፣ ክር፣ ምላጭና ትዕግሥት ያለው ሰው ጅማ ሆኖ ትራውት ላለበት ለባሌ ወንዝ ማሰር ይችላል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ፍላይ ማሰር ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ እንጀራ የሚወጣበት የእጅ ሥራ ነው፤ ምርቱም ባህር ማዶ ይሸጣል። ለማሰር ወንዝ ደጃፍ ላይ መኖር ግዴታ አይደለም።

ዓሣ እውነት አይጥ ይበላል ወይ? ይበላል። በ2013 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ ቶጊያክ በሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አንድ ቀስተ ደመና ትራውት ተይዞ ሆዱ ሲከፈት ወደ 20 የሚጠጉ ሽሩዎች ተገኙበት። ሽሩ አፈ ሹል፣ አይጥ የምትመስል ጥቃቅን አጥቢ እንስሳ ናት። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በዓመታት ይመጣል። ቢች የሚባሉት የደን ዛፎች በብዛት ዘር በሚጥሉበት ዓመት አይጡ ይፈላል። አይጡ ሲፈላ ወንዝ የሚሻገረውም ይበዛል፤ ቡናማው ትራውትም በአንድ ወቅት ጉድ በሚያሰኝ ፍጥነት ይወፍራል። በዚያ ወቅት የሚያዘው ዓሣ ክብደት የአጥማጆች ወሬ ሆኖ ይከርማል። ሞንጎሊያ ውስጥ የትራውት ዘመድ የሆነው ታይመን አይጥ ቀርቶ ትልልቅ የምድር ሽኮኮዎችንም ይውጣል።

አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። ወንዝ ዳር ግን ድመቷ ውሃ ውስጥ ናት። አይጧ ወዳ አትገባም። ዳርቻው ተንዶ፣ ጎርፍ ጉድጓዷን ሞልቶ፣ ወይም ማዶ ያለው ምግብ አጓጉቷት ትገባለች። አብዛኞቹ አይጦች ደህና ዋናተኞች ናቸው፤ ጭንቅላትና ጀርባቸው ከላይ ይታያል፣ እግሮቻቸው ከታች ይቀዝፋሉ፣ ከኋላቸው ሞገዱ በሁለት ተከፍሎ ይሰፋል። ለማሰር የተቀመጠ ሰው ማስታወስ ያለበት ይህን ሞገድ ነው።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚያጣፍጥ አንድ እንስሳ አለ። በ1927 እ.ኤ.አ. በጎጃም፣ በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ፣ ለውሃ ኑሮ የተሠራች አንዲት አይጥ ተያዘች። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ የኋላ እግሮቿ ሰፋ ያሉ ነበሩ። በዓመቱ ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ኒሎፔጋሚስ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣላት። ሳይንስ የሚያውቃት በዚያች አንዲት ናሙና ብቻ ነው። ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግባለች። የእርሷን አምሳያ ማሰር ለሚያምረው፣ ቀለሟ እንደ እርሳስ ብረት ግራጫ መሆኑን ከስሟ መረዳት ይቻላል፤ ሙሉ ስሟ ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤውስ ነው፤ ፕሉምቤውስ በላቲን የእርሳስ መልክ ያለው ማለት ነው።

ትራውት ራሱ እንግዳ ነው። ኬንያ የደረሰው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከኬንያ ወደ ባሌ የመጣው ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ባሌ ውስጥ ዲንሾ አካባቢ የሚያልፈው ዌብ ወንዝ በዚህ ዓሣ ይታወቃል። ባሌ ደግሞ የአይጥ አገር ነው። ቀይ ቀበሮ እዚያ የምትኖረው ከሞላ ጎደል በአይጥና በፍልፈል ነው። እኔን የሚገርመኝ ሰዓቱ ነው። በሌላው ዓለም የአይጥ ፍላይ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በጨለማ ነው፤ አይጡም ትልቁ ዓሣም የሚወጡት ሌሊት ስለሆነ። የባሌው ከፍተኛ ሜዳ የሰነቴ ሌሊት ግን አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ ነው። የደጋው ዋና ዋና አይጦች የሚወጡት በቀን ነው፤ ቀበሮዋም የምታድነው በቀን። ስለዚህ ባሌ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ደመና ሸፈን ሲያደርግ፣ ሣር የተንጠለጠለበት ዳርቻ ሥር መሞከር ከመጽሐፉ ወግ ይልቅ ለቦታው ይቀርባል ባይ ነኝ።

ወደ ማሰሩ እንግባ። የታወቀው ዘዴ የአጋዘን (በእንግሊዝኛ ዲር የሚባለው የውጭ አገር እንስሳ) ፀጉር ነው። ይህ ፀጉር ውስጡ ክፍት ነው፤ አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። የእርሳስ ውፍረት ያህል ቆንጥረው መንጠቆው ላይ ያስቀምጡታል። ክሩን ሁለት ዙር ላላ አድርገው ያዞሩና ሳብ ሲያደርጉት ፀጉሩ ከሁለቱም በኩል ብው ብሎ ይከፈታል። ያንን ወደ ኋላ ገፍቶ ማጠጋጋት፣ ከፊቱ ሌላ መጨመር፣ አሁንም ማጠጋጋት ነው። ሲያልቅ በምላጭ ይከረከማል። አሜሪካዊው ዴቭ ዊትሎክ ያስተዋወቀው ማውዝራት የሚባለው ፍላይ በዚህ መንገድ ይሠራል። ኬን ሞሪሽ ደግሞ ጀርባው ላይ ፎም ጨመረበት። ይህ ትልቅ ማቅለያ ነው፤ ፀጉሩ ውሃ ቢጠጣ እንኳ ፎሙ ያንሳፍፈዋል።

ጅማ ላይ የአጋዘን ፀጉር ከየት ይመጣል? ከውጭ የሚመለስ ሰው ካላመጣ የለም። ድኩላ ደግሞ አይታሰብም፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። የፍየልና የበግ ፀጉር ሞልቷል፤ ግን እንደ አጋዘኑ አይከፈትም፣ ለብቻውም አያንሳፍፍም። ስለዚህ ሥራውን መገልበጥ ነው፤ መንሳፈፉን ለፎም፣ መልኩን ለፀጉር መስጠት። ፎም ስል የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም፤ እሱ ውሃ ይጠጣል። ያረጀ የፎም ነጠላ ጫማ ሶል ግን አይጠጣም። ከዚያ ላይ በቀጭኑ ይቆረጣል፤ ጣት የሚያክል ስፋት ይበቃል።

መንጠቆው ከቁጥር 2 እስከ 6 ያለው፣ አፉ ሰፊ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ ከስስ ቆዳ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጅራት ተቆርጦ ኋላ ላይ ይታሰራል። ጅራቱ ከመንጠቆው ዘንግ ብዙ መርዘም የለበትም። ትራውት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ጅራቱን ነው የሚነካው፤ ረዥም ከሆነ ነክሶ ይሄዳል፣ እጅዎ ላይ ምንም አይቀርም። ከዚያ ፎሙ አንድ ጫፉ ይታሰርና ወደ ኋላ ይተዋል። ዘንጉ ላይ ጠጉሩ ሳይላጭ በቀጭኑ የተቆረጠ የበግ ቆዳ ይጠመጠማል። በመጨረሻ ፎሙ ከላይ ወደ ፊት ተመልሶ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ከፊት ትንሽ ጭንቅላት ይተዋል። ተራ የስፌት ክር እዚህ ይበጠሳል፤ ለጂንስ የሚሆን ፖሊስተር ይሻላል። ቋጠሮው ላይ ጠብታ ሱፐር ግሉ።

ሆዱ መከርከም አለበት። ብዙ ጀማሪ የሚበላሽበት እዚህ ነው። ከሥር ያለው ፀጉር ካልተላጨ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ፍላዩ ውሃ ላይ ይገለበጣል፣ የመንጠቆው አፍም ተሸፍኖ ዓሣውን አይዝም።

ጆሮ፣ ዓይን፣ ጢም ማድረግ ይቻላል። ያምራል። ዓሣው ግን ከሥር ወደ ላይ እያየ ነው፤ የሚታየው ጥቁር ጥላና ሞገድ ብቻ ነው። ጢሙን የሚያደንቀው ገዢው ነው። ለሽያጭ ከሆነ ጢም ያድርጉ፤ ለወንዝ ከሆነ ጊዜዎን ሆዱ ላይ ያጥፉ። ቀለሙም እንዲሁ፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ከሥር ሆኖ በሰማዩ ብርሃን ላይ ሲታይ ጥላው ደመቅ ይላል።

አጣጣሉ ቀላል ነው። ማዶ ዳርቻ ላይ ዱብ ይደረግና ወንዙ እያዞረው በዝግታ ይሻገራል። ሞገዱ ሳይቋረጥ መጎተት አለበት። ዓሣው ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ያስደነግጣል፤ እጅም ወዲያው የማጥመጃውን ዘንግ ወደ ላይ ይመነጭቃል። ያኔ አለቀ። ትራውት አንዳንዴ መጀመሪያ መትቶ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ተመልሶ ይውጣል። ክብደቱ እስኪሰማ መጎተት መቀጠል፣ ከዚያ ዘንጉን ሳያነሱ ክሩን በእጅ መሳብ ነው። ክሩም ጠንካራ ይሁን፤ ይህ የቀጭን ናይለን ጨዋታ አይደለም።

ፍላዩን ጅማ አካባቢ መሞከር የሚፈልግ ቆሮሶን ይርሳው፤ ዋና ምግቡ የውሃ ተክልና አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። አምባዛ ግን ሌላ ነው። በኦሞ ጊቤ ተፋሰስ የሚኖረው ይህ ዓሣ ያገኘውን የሚበላ፣ በአብዛኛው በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ትንንሽ አጥቢ እንስሳትም ሆዱ ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ሌሊቱ ይሠራል። አምባዛ ግን ከዓይኑ ይልቅ በሪዙና በማሽተት ስለሚመራ ፍላዩ በጣም ቀስ ብሎ መሄድ አለበት። ባሌ ለሚሄድ ደግሞ ከመነሳት በፊት የማጥመድ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ዲንሾ ላይ ጠይቆ መያዝ ይሻላል፤ የዌብ ወንዝ ከፊሉ የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከፊሉ ውጭ ነውና።