ጠረጴዛ እንደ ሹራብ አይደለም፦ ስለ ልጆች የኮምፒውተር አቀማመጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠረጴዛው ቢረዝምበትም ያድግበታል።» ለልጅ ልብስና ጫማ ስንገዛ የለመድነው ይህ አባባል ለኮምፒውተር ጠረጴዛ አይሠራም፤ የሰፊ ሹራብ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ጠረጴዛ ግን አይጠቀለልም። ለአዋቂ የሚሠራ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የ7 ዓመት ልጅ በአዋቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንኳ ክርኑ ከጠረጴዛው ገጽ በታች ይቀራል። ስለዚህ ኪቦርዱን ለመንካት ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፣ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይንፏቀቃል፣ እግሩም አየር ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ክርኑ ከጠረጴዛው ጋር እስኪስተካከል ድረስ መቀመጫውን በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ማድረግ፣ ጀርባውን በትራስ መደገፍ፣ ከዚያም እግሩን በርጩማ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ብዙ ቤት የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው፤ እግር ሲንጠለጠል ግን የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ከሥር ይጫነዋል።

«ላፕቶፕ ትንሽ ስለሆነ ለልጅ ይመቻል።» ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ለእጅ ሲመች አንገት ይጎብጣል፣ ለዓይን ሲመች ደግሞ እጅ ይሰቀላል። ረዘም ላለ ሥራ ላፕቶፑን በመጻሕፍት ላይ አስቀምጦ የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከልጁ ዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ለትንሽ እጅ የሚሆን ማውዝ መስጠት ይሻላል።

«ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ችግር የለም።» የትኛውም አቀማመጥ፣ ትክክለኛው ጭምር፣ ሳይለወጥ ሲቆይ ጡንቻን ያደክማል። «አርፈህ ተቀመጥ!» እያልን የምንቆጣው መቁነጥነጥ፣ በእኔ እምነት፣ ከቁጣችን ይልቅ ለልጁ ይጠቅመዋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ቢንቀሳቀስ ደግሞ የበለጠ ነው።

«ስክሪን ቀርቦ ማየት ዓይን ያጠፋል።» አያጠፋም፤ ይሁን እንጂ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ መጠን ስለሆነ ዓይኑ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ ማየት ያሳርፋል። ሁልጊዜ ወደ ስክሪኑ የሚጠጋ ልጅ ግን የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል።

«ካላመመው አይጎዳም።» ጨዋታ የያዘው ልጅ ሕመሙን ቶሎ አያስተውልም፤ ስለዚህ ከአፉ ይልቅ ሰውነቱን ማየት ይገባል። ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ ወይም አንድ እግሩን ከሥሩ አጥፎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ምናልባት መቀመጫው ዝቅ ስላለበት የጎደለውን ከፍታ ራሱ እየሞላ ነው።