ከታላላቅ ሠዓሊያን ሥራ የአሣሣል ስልትን መማር

ከሌላ ሠዓሊ ሥራ መማር ሲባል ያለቀለትን ሥዕል ፊት ለፊት አድርጎ መመርመርና ከፊሉን ወይም ሙሉውን በራስ እጅ መገልበጥ ማለት ነው። ልምምዱ ዋናውን የሚመስል ግልባጭ ለማግኘት የሚደረግ ይመስላል፤ ዋና ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ያለቀ ሥዕል የተሠራበትን ቅደም ተከተል ይሸፍናል፤ መጀመሪያ የተቀባው ከሥር ይቀርና ዓይን የሚያገኘው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ይሆናል። የሚገለብጥ ተማሪ ግን የትኛው ቀለም እንደቀደመ፣ የትኛው እንደተከተለ፣ የቱ እርጥብ ሳለ የቱስ ከደረቀ በኋላ እንደተነካ ሳይወስን ብሩሹን ማንቀሳቀስ አይችልም። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለጥለት ስልቱን መያዝ ጀመረ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልማዱ የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊው ሺዬ ሄ ካስቀመጣቸው ስድስት የሥዕል መርሆዎች የመጨረሻው የቀደሙ ሊቃውንትን ሥራ እየገለበጡ ማስተላለፍን ይመለከታል። ወረቀት ደርቦ መስመሩን መከተልና ዋናውን ከጎን አስቀምጦ እያዩ መሣልም በቻይና ትምህርት ስማቸው የተለየ ሁለት ልምምዶች ናቸው። በጣሊያን ደግሞ ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 ገደማ በጻፈው የሙያ መምሪያ፣ ተማሪው ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እየገለበጠ እንዳይባዝን፣ ከሁሉ የተሻለውን ሊቅ መርጦ እሱኑ እንዲከተል ይመክራል። ዛሬ በየቀኑ መቶ ሥዕል በስልኩ ለሚያገላብጥ ጀማሪ ምክሩ ይበልጥ የሚያስፈልግ ይመስላል።

በቼኒኒ ዘመን ተማሪው በሊቁ የሥራ ቤት ቀለም እየፈጨና ሰሌዳ እያዘጋጀ ስለሚያድግ ሥዕሉ ከባዶ ሰሌዳ ተነሥቶ እስኪያልቅ ያይ ነበር። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ማድሪድ በሚገኘው ፕራዶ ሙዚየም ያለው የሞና ሊዛ ግልባጭ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ግምት ሳይሰጠው የኖረው ይህ ሥዕል ከላይኛው ቀለም ሥር ያለውን በሚያሳየው በኢንፍራሬድ ጨረር ሲመረመር ሊዮናርዶ በዋናው ላይ እየሠራ ያደረጋቸው እርማቶች በግልባጩም ሥር ተገኙ፤ ሙዚየሙም በ2012 ግልባጩ ከዋናው ጎን ለጎን በአንድ የሥራ ቤት የተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ገልባጩ ያለቀውን ገጽ ብቻ ሳይሆን የሊቁን ሐሳብ መለወጥ ጭምር እየተከተለ ነበር ማለት ነው።

የሥራ ቤቱ ሥርዓት እየቀረ ሲሄድ ቦታውን ሙዚየሞች ያዙ። በ1793 ለሕዝብ የተከፈተው የፓሪሱ ሉቭር ከመጀመሪያው አንሥቶ ሠዓሊያንን ለግልበጣ ሲያስተናግድ ኖሯል፤ ኤድጋር ደጋም በወጣትነቱ ብዙ ጊዜውን እዚያ እየገለበጠ አሳልፏል። ሙዚየሙ አሁንም ለገልባጮች ፈቃድ ይሰጣል፤ ሆኖም ግልባጩ ከዋናው ጋር እኩል መጠን እንዲኖረው አይፈቀድም፣ የሠዓሊውም ፊርማ አይገለበጥም። ትምህርትን ከማጭበርበር የሚለዩት እንዲህ ያሉ ቀላል ደንቦች ናቸው። ሙዚየም መድረስ ለማይችሉ ደግሞ ሻርል ባርግ ከዣን ሌዮን ዤሮም ጋር ሆኖ ከ1866 እስከ 1871 ድረስ ለግልበጣ የታተሙ 197 የንድፍ ገጾችን የያዘ የትምህርት ስብስብ አሳትሟል፤ ቫን ጎግ ንድፍ ከተማረባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከተመረጠው ሥዕል ምን ይነበባል? በዘይት ቅብ ከሆነ ንባቡ የሚጀምረው ሸራው ወይም ሰሌዳው አስቀድሞ ከተቀባው መሠረታዊ ቀለም ነው። መሠረቱ ነጭ ከሆነ ብርሃን ስስ ቀለሞችን አልፎ ከሥር ይመለሳል፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጥላው ከሞላ ጎደል የተዘጋጀ ስለሚሆን ሠዓሊው ብርሃኑን ብቻ ይጨምራል። ከዚያ ንድፉ፣ ከንድፉ በላይ ብርሃንና ጥላን ብቻ የሚያስቀምጠው የታችኛው ቅብ፣ በመጨረሻም ቀለማቱ ይከተላሉ። የሊዮናርዶን የፊት ጥላዎች በኤክስሬይ የመረመረና በ2010 የታተመ ጥናት እያንዳንዱ ስስ ንብርብር ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር፣ የንብርብሮቹ ድምርም ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ብቻ ውፍረት እንዳለው አሳይቷል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህን ጥላ በአንድ የብሩሽ ምት ለመገልበጥ የሚሞክር ተማሪ ትክክለኛውን ቀለም ቢያገኝ እንኳ የጥላውን ጭስ መሰል ልስላሴ አያገኘውም። ሬምብራንት በተቃራኒው ብርሃን ባረፈበት ቦታ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራውን ነጭ ቀለም ወፍራም አድርጎ ይለጥፍና ጥላውን ስስ አድርጎ ይተዋል፤ የእሱን ሥራ የሚገለብጥ ሰው ከቀለሙ ይልቅ የቅቡን ውፍረት መከተል ይኖርበታል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የእጅ ሥራ ሕግ አለ፦ የላይኛው ንብርብር ከሥሩ ካለው ያነሰ ዘይት ሊኖረው አይገባም፤ አለዚያ ሥሩ ገና እየደረቀ ሲንቀሳቀስ ቀድሞ የደረቀው ላዩ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሙሉ ሥዕል በአንድ ጊዜ መገልበጥ ለጀማሪ እምብዛም አይጠቅምም። አንድ እጅን ወይም አንድ የልብስ እጥፋትን ለይቶ፣ መጀመሪያ በንድፍ ብቻ፣ ቀጥሎ በግራጫ ደረጃዎች፣ በመጨረሻ በቀለም ሦስት ጊዜ መሥራት ስሕተቱ ከቅርጽ፣ ከብርሃን ወይስ ከቀለም እንደሆነ ለይቶ ያሳያል።

አሮጌ ሥዕል ያሳስታል። ሥዕሉን ለመጠበቅ ከላዩ የሚቀባው ቫርኒሽ ሲያረጅ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ ጥላሸትም ይከማችበታል። ከ1980 እስከ 1994 በቫቲካን በሚገኘው የሲስቲን ቤተ ጸሎት የሚኬላንጄሎ የጣሪያና የግድግዳ ሥዕሎች ሲጸዱ ብዙዎች ደብዛዛ አድርገው ያሰቡት ቀለሙ ደማቅ ሆኖ ወጣ፤ ጽዳቱ ራሱ ቢያከራክርም ጥቁረቱን እንደ ስልት ቆጥሮ ይገለብጥ የነበረ ሰው የተማረው ከጥላሸት ነበር። እንግሊዛዊው ጆሹዋ ሬይኖልድስ የቀደሙ ሊቃውንትን ጥልቅ ድምቀት ለማግኘት ሬንጅ መሰል ቁሶችንና ሰምን ጭምር እያደባለቀ ስለሞከረ፣ አንዳንድ ሥራዎቹ ገና በሕይወት እያለ ደበዘዙ፣ ተሰነጠቁም። የታተመና በስክሪን የሚታይ ምስልም ቀለሙን ይለውጣል፣ የቅቡን ውፍረት ደግሞ ጨርሶ ያጠፋል፤ ለቅንብርና ለንድፍ ቢበቃም ለቅብ ስልት ግን አይበቃም።

ልምምዱ በጀማሪነት ዘመን አያበቃም። ሩበንስ በ1628 እና 1629 ማድሪድ በቆየበት ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ስመ ጥር ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ከእሱ የቀደመውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ የቲሽያንን ሥዕሎች ይገለብጥ ነበር፤ በአዳምና ሔዋን ግልባጩ ግን የአዳምን አቀማመጥ ለውጦ ቀይ በቀቀን ጨምሮበታል። ቫን ጎግም በ1889 እና 1890 የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ እየተነሣ በራሱ ቀለም ሣላቸው፤ ከኅትመቱ ቅንብሩን ወስዶ ቀለሙን ከራሱ አመጣ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ያስተማረው ኦራስ ሌኮክ ደ ቧቦድራን ደግሞ ዋናውን ከተማሪው ፊት ጭራሹን ያነሣው ነበር። ተማሪዎቹ ሥዕሉን አጥንተው ከተመለሱ በኋላ በትዝታ ብቻ ይሥሉት ነበር፤ ከእነሱ አንዱ አልፎንስ ሌግሮ ሠዓሊው ሆልባይን የሣለውንና ሉቭር ያለውን የሊቁን የኤራስመስን ምስል በዚሁ መንገድ ሠርቶታል። እንዲህ ባለ ልምምድ እጅ የሚስተው ዓይን አስቀድሞ ሳያየው ያለፈውን ነው።