«የጥርስ ኢምፕላንቱ ልጁ እስኪያድግ ይጠብቅ» ሲባል ምን ማለት ነው?
ኤክቶደርማል ዲስፕላዚያ (ጥርስ፣ ፀጉር፣ ቆዳና ላብ አመንጪ ዕጢዎች በደንብ የማይፈጠሩበት በዘር የሚመጣ ችግር) ይዞት የተወለደ ልጅ ብዙ ጥርስ ላያበቅል ይችላል፤ የበቀሉትም ብዙ ጊዜ ሾጣጣ ናቸው። «ይጠብቅ» ማለት ግን ሕክምናው ይቅር ማለት አይደለም። ኢምፕላንቱ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዲሸከም አጥንት ውስጥ የሚተከለው ብሎን፣ ከመንጋጋ ጋር አያድግም፤ ዙሪያው ሲያድግ እሱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ስለዚህ ተከላው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ዓመት ወዲያ ነው።

እስከዚያ ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራለታል። መንጋጋው ሲያድግ ጥርሱ ይላላል፣ ድዱን ይልጠዋል፤ ያኔ ሐኪም ያስተካክለዋል ወይም አዲስ ይሠራል እንጂ በጥጥ አይደገፍም። ማታ ይውለቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል።

ለራሱ ጥርሶች ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል፣ ይበቃል።

ሌላም አለ፦ ይህ ችግር ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ላብ በደንብ አያወጡም። ቀዝቀዝ ያለው የጎንደር አየር ይመቻቸዋል፤ ወደ ሞቃታማው መተማ ሲወርዱ ግን ውኃና እርጥብ ፎጣ አይለያቸው።