«ትልቅ ሞተር ግጠምልኝ»፦ በግል የተሠሩ አውሮፕላኖችን ስለማፍጠን የሚነገሩ ስሕተቶች

በአሜሪካ ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ቴክኒሻን እንደመሆኔ፣ ባለቤቶቻቸው በየጋራዣቸው የገጣጠሟቸውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች፣ በተለይም የቫንስ ኩባንያ ሥሪቶችን፣ እመረምራለሁ። ምርመራው አያደክመኝም፤ የሚያደክመኝ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ነው፦ «ባለ160 ፈረስ ጉልበቱን አውርደህ ባለ180 ብትገጥምልኝ ስንት ኖት ይጨምራል?» ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ ነው፤ ጠያቂው 20 ወይም 30 የሚል መልስ ስለሚጠብቅ፣ 7 ስለው ከሥራ የሸሸሁ ይመስለዋል።

ጉልበትና ፍጥነት እኩል አያድጉም። ድራግ የምንለው የአየር ጉተታ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በ160 ፈረስ ጉልበት 170 ኖት የሚበር አውሮፕላን በ180 የሚደርሰው 177 ገደማ ነው። 200 ኖት የሚመኝ ሰው 260 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚያህል ሞተር አፍንጫው ላይ ሲሰቀል ደግሞ የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ የሞተሩ መሸከሚያም ያልተሠራለትን ጭነት ይቀበላል። ተጨማሪው ጉልበት በግልጽ የሚታየው አውሮፕላኑ ከፍታ ሲይዝ ስለሆነ፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለችው ዴንቨር ካሉ ቦታዎች የሚነሣ ሰው ለዚህ ብሎ ሞተር ቢቀይር አልቃወመውም።

የምቃወመው «ሞተሩ ከቻለ አውሮፕላኑም ይችላል» የሚለውን ነው። ፈጽሞ የማይታለፈው የፍጥነት ጣሪያ ከሞተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጣሪያው ከሚጠብቀን አደጋዎች ዋነኛው ፍላተር ነው፤ ይኸውም ክንፍ ወይም ጅራት በአየሩ ግፊት እየተርገበገበ በሰከንዶች ውስጥ ሊሰበር የሚችልበት ሁኔታ ነው። ቫንስ ይህን ጣሪያ የሚሰጠው በእውነተኛው የአየር ፍጥነት እንጂ መሣሪያው በሚያሳየው ንባብ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ መሣሪያው 150 ኖት ሲያነብ፣ እውነተኛው ፍጥነት በ3,000 ሜትር ከፍታ 174፣ በ6,000 ሜትር ደግሞ 204 ገደማ ነው። ተርቦቻርጀር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ፣ አስገጥሞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው መርፌው የተለመደውን ፍጥነት በሚያመለክተው አረንጓዴ ክልል ውስጥ እንዳለ ጣሪያውን አልፎ ሊሆን ይችላል።

«ሞተሩ ስለሚሞቅ የፊት ቀዳዳውን ላስፋው» የሚሉም አሉ። ብዙውን ጊዜ አየሩ ይገባል፤ ችግሩ በሲሊንደሮቹ ማቀዝቀዣ ስስ ብረቶች መካከል ሳያልፍ በየክፍተቱ ማምለጡ ነው። ሲመሽ ከሞተሩ ሽፋን ሥር ባትሪ አብሩና በፊት ቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ዳር ዳሩን የሚዘጋው የሲሊኮን ጎማ ወደ ኋላ ታጥፎ ከሆነ ብርሃኑ በዚያ ያፈተልካል። እሱን ማስተካከል የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ግን ድራግ ይጨምራል።

ቮርቴክስ ጄኔሬተር የሚባሉት ክንፍ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ቅጠሎች ፍጥነት አይጨምሩም፤ ጥቅማቸው አውሮፕላኑ ስቶል ሳያደርግ (ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ሳያጣ) ዝግ ብሎ እንዲበር ማስቻላቸው ነው።

ፒቹ (የምላጮቹ ዘንበል ያለ ማዕዘን) የበዛ ፕሮፔለርም ሞተሩ ሊያዞረው ካልቻለ ጉልበቱን ያፍነዋል፤ መነሣቱንም ያረዝመዋል።

በግል የተሠሩ አውሮፕላኖች የሚመዘገቡት «ኤክስፐሪሜንታል» (የሙከራ) በሚባል ምድብ ነው። «ኤክስፐሪሜንታል ስለሆነ እንዳሻኝ አደርጋለሁ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። መቀየር ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ዋና ለውጥ የተደረገበት አውሮፕላን በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ መሠረት ቢያንስ ለ5 ሰዓት ያለ መንገደኛ፣ በተወሰነ ክልል፣ እንደገና በሙከራ ይበራል፤ ውጤቱም በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል።

አንድ ደንበኛዬ የጎማ ሽፋኖቹን ቀይሮ መሣሪያዎቹንም በአዲስ ካስተካከለ በኋላ 15 ኖት እንዳተረፈ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ፓነሉን ስፈታው የውጭውን የአየር ግፊት ወደ ፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው የስታቲክ ቱቦ ከመሰኪያው ወልቆ ተንጠልጥሏል። መሣሪያው የሚያነበው የካቢኑን አየር ነበር፤ የካቢን ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭው ስለሚያንስ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ቱቦውን መልሼ ስሰካው ከዚያ ሁሉ የቀረለት 3 ኖት ነው። ለውጡን መለካት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ ሙቀትና የሞተር ዙር አፍንጫውን በተራ ወደ አራቱም አቅጣጫ አድርጎ ይብረር፤ ከዚያም የጂፒኤስ ንባቦቹን አማካይ ከለውጡ በፊት በዚሁ መንገድ ከወሰደው ጋር ያስተያይ።